የእሁዱ ዝምታና የድምፁ ሣጥን

የሕንፃችን አሳንሰር ከተበላሸ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ጠጋኙ «ነገ እመጣለሁ» ካለን ወዲህ ብዙ ነገዎች አልፈዋል። እኔ ግን አላማርርም። ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚገናኘው ደረጃ ላይ ነው፤ ይህን የምተርከውንም ጉዳይ አሳንሰሩ ቢሠራ ኖሮ ሳልሰማው ይቀር ነበር።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዳቦዬን ይዤ ስወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ጋሽ አኮርዲዮን ግድግዳ ተደግፈው ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘኋቸው። የወጣላቸው ስም ይህ አይደለም፤ አርባ ዓመት አኮርዲዮን ከደረታቸው ሳይወርድ ስለኖሩ ግን ሕንፃው ሁሉ እንዲህ ይላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በትልቁ ሆቴል አዳራሽ የሚጫወተው ባንድ መሪ ናቸው። ቀድሞ ደግሞ ዘፋኝም ነበሩ። ዛሬ ሲናገሩ ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

በእጃቸው ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለዋል፤ ከፌስታሉ አፍ ሽቦ ወጥቶ ይወዛወዛል።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ አኮርዲዮን? ወዴት ነው?»

«እግዜር ይመስገን መምህር። ወደ ሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ነኝ። አንድ አጭበርባሪ ልመልስ።»

«አጭበርባሪ በፌስታል መያዝ የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?»

አልሳቁም። ፌስታሉን ከፈት አድርገው አሳዩኝ። ወፍራም መዝገብ የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው፤ በላዩ የሚሽከረከሩ ቁልፎችና በእግር የሚረገጡ ሦስት ማብሪያዎች አሉት። ዘፋኞች «ኢፌክት» ይሉታል። ማይኩ በአንድ ጎኑ ይገባል፣ ድምፁ በሌላው ጎኑ ወጥቶ ወደ ስፒከር ይሄዳል፤ በመካከሉ ሣጥኑ ድምፁን ያስተጋባል፣ ያለዝባል፣ ከተፈለገም ቀድቶ መልሶ ያሰማል።

«የወፊት አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«የእሷው ነው። ከሥራ ሳትመለስ ልመልሰው ነው። ቅዳሜ እንደ ሰው በማይክ ብቻ ትዘፍናለች። ካልሆነ ከባንዱ ትወጣለች። ቃሌ ነው።»

ወፊት የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓትም፣ ዘፈን ያስተማሯትም፣ ከባንዱ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። ቃላቸውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ እሳቸው የማያውቁትን አውቃለሁና። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጅቷ እዚሁ ደረጃ ላይ አስቁማኝ፣ የጉሮሮ ሐኪም የድምፅ ጅማቶቿ ላይ እብጠት እንዳገኘ ነግራኛለች። እንደ እስካሁኑ እየጮኸች ከዘፈነች ድምፅዋ ሄዶ ሊቀር ይችላል። «ለጋሼ እንዳይነግሩብኝ፤ አልቻለችም ብለው ያዝናሉ» ብላ አስምላኛለች። እንግዲህ የእኔ አፍ ታስሯል፣ ፌስታሉ ግን ደረጃውን እየወረደ ነው። ያለኝ ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጅቷ እስክትመጣ ሽማግሌውን በክርክር ማቆየት። አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም አፉ ጡረታ አይወጣም።

«ጉልበትዎ እንዲህ እያመመዎ ሱቅ ድረስ መሄድ አይሆንም። ሻይ ይጠጡና ይሄዳሉ» ብዬ ወደ ቤቴ አስገባኋቸው።

ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ፣ ከእግራቸው ራቅ አድርገው አስቀመጡት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አልኩ ሻዩን እየቀዳሁ።

«ምን መጀመሪያ አለው? ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። ወፊት ይህን ጉድ ከቦርሳዋ አውጥታ እግሯ ሥር አኖረችው። ሙዚቃው ተጀምሯል፣ ምን ልበል? አፏን ስትከፍት በርሜል ውስጥ የወደቀ ሰው ድምፅ ሆነ። አንዱ ቃል ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል፤ ግጥሙን ማን ይስማው። ቀጥሎ ደግሞ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ለቀቀብን። ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሳክስፎን ነፊያችን እስከ ዛሬ ይስቃል።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሉኝ።»

«እሱን አሉ። ድምፅ ከሆድ ይወጣል እንጂ ከሽቦ አይወጣም፣ መምህር።»

«ማይክስ ሽቦ የለውም?»

«ማይክ ሌላ ነው። ማይክ ያለውን ያጎላል።»

«እርስዎን ያስተማሩት ሰው ማይክ ይወዱ ነበር?»

ጋሽ አኮርዲዮን ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «እሳቸውማ ‹ማይክ የሰነፍ ምርኩዝ ነው› ይሉ ነበር። አዳራሹ ማይክ ያስገባ ሰሞን ተቆጥተው ሁለት ሳምንት ቀሩ።»

«በሦስተኛውስ ሳምንት?»

«በሦስተኛው ሳምንት ከእጃቸው የሚያስለቅቃቸው ጠፋ።»

ረታሁ ብዬ ነበር። ሆኖም የድሮ ሰው በአንድ ምት አይወድቅም። ብርጭቆውን አስቀምጠው ጣታቸውን አነሱ።

«ይስሙኝ። ዘፋኝነት ሥርዓት ነው። ይህች ልጅ በእኔ ሥርዓት ነው ያደገችው። በየቀኑ ትለማመዳለች፣ ቅዳሜ ያላትን ሁሉ ትሰጣለች፣ እሁድ ደግሞ አንዲት ቃል አይወጣትም። እሁድ ዘፋኝ አይናገርም። እኔም በጊዜዬ እንደዚያው ነበርኩ፤ የሙያው ሕግ ነው። ሣጥን የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ብሎ ይለፋል?»

የእሁዱን ነገር ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል። ወፊት እሁድ ጠዋት ዳቦ የምትገዛው በጣቷ ቆጥራ ነው፤ ሰላምታዋም አንገት መስበር ነው። እኛም እንደ ትልቅ ጨዋነት እናየው ነበር። እኔ ከሐኪሙ ወሬ ወዲህ ጥርጣሬ ገብቶኛል፤ ግን አፌ እንደ ታሰረ ነው። ስለዚህ በሌላ በር ገባሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በየቀኑ አመሻሽ ላይ በአሥራ አንድ ሰዓት ልጅቷን ደረጃው ላይ የሚያስለማምዷት ለምንድን ነው? ሁለት ክፍል ቤት እያላችሁ።»

«ቤት ውስጥ ድምፅ ይሞታል። አልጋ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ የተሰቀለ ልብስ አለ። ደረጃው ላይ ግን ድምፅህ ይመለስልሃል። ራስህን ትሰማለህ፤ ራሱን የሰማ ሰው ደግሞ አይጮህም።»

«ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ስለሆነ ነው። ድምፅ ሄዶ ይመታውና ትንሽ ዘግይቶ ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ነው። እዚያ ፌስታል ውስጥ ያለው ሣጥንም ዋና ሥራው ይኸው ነው፤ ድምፅን ትንሽ አዘግይቶ መመለስ። ጋሽ አኮርዲዮን፣ ሳያውቁት ደረጃችንን በፌስታል ይዘው ሊመልሱ እየሄዱ ነው።»

ፌስታሉን አዩት፣ በሩን አዩት። ቀጥሎ የተናገሩት ግን ቁም ነገር ስለነበር ለአንባቢ ሳልደብቅ አቀርበዋለሁ።

«ይሁን። ደረጃው ግን አይዋሽም። ዜማ የሳተችውን ልጅ ደረጃው ‹ሳትሽ› ብሎ ይመልስላታል። ይህ ሣጥን የሳተውን ያቃናል አሉኝ። ጎባጣውን ቀጥ አድርጎ ለሰው ያቀርባል። ያ ማጭበርበር ካልሆነ ማጭበርበር ምንድን ነው?»

ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ ቁልፍ አለው፤ በእሱ ተሸፍኖ ሳይማር የሚቀር ዘፋኝም ሞልቷል። «በዚህስ ረቱኝ» አልኩ። ወዲያው የሴት ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማና በሩን ከፈትኩት። ወፊት ናት። የሥራ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። አጎቷን አየች፤ ፌስታሉንም ሽቦውንም አየች።

«ጋሼ፣ ሊመልሱብኝ ነው?» አለች። ድምፅዋ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሻካራ ነበር።

«ልመልሰው ነበር። መምህር ሻይ ብለው ያዙኝ። ነይ ተቀመጪ። ይህ ነገር የሳተ ዜማ ያቃናል ወይስ አያቃናም? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ያቃናል ጋሼ። እኔ ግን ያንን ቁልፍ ዘግቼዋለሁ። ይዩት።» ሣጥኑን አውጥታ አሳየችን፤ ቁልፉ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበታል። «የምለማመደው እንዲህ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ ማስተጋቢያውን ዘግቼ በደረቁ እዘፍናለሁ፤ እሱ ይቀዳኛል። ከዚያ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ስዘፍን ልክ የመሰለኝ ብዙ ቦታ ልክ አልነበረም። እርስዎ ‹ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትወርጃለሽ› ሲሉኝ አላምንዎትም ነበር፤ ይሄ አሳመነኝ።»

«እወርዳለሁ አልሽ?» አሉ፤ ፊታቸው ትንሽ በራ። በሣጥን አፍ መመስገን ያልጠበቁት ነገር ነበር።

«ታዲያ ቅዳሜ ለታ ምን ነካሽ?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «ስህተቱ የእኔ ነው። ቁልፎቹን ያስተካከልኩት መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው። ያ ክፍል ጋሼ እንደሚሉት ድምፅ ይገድላል፤ እንዲያምርልኝ ማስተጋቢያውን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አደረግኩት። አዳራሹ የራሱ ማስተጋቢያ እንዳለው ረሳሁ። ሁለቱ ተደራርበው ቃሉን ዋጡት። ማይኩንም ወደ ስፒከሩ አዙሬ ያዝኩ፤ ፉጨቱ የመጣው ከዚያ ነው።»

«ልምምድ ላይ ለምን አልሞከርሽውም?» አሉ ጋሽ አኮርዲዮን።

ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «እንዲህ ያለ ነገር በልምምዴ ቦታ አልይ» ብለው የከለከሉት እሳቸው ናቸው። በድብቅ ተስተካክሎ በአደባባይ የተከፈተ ነገር ደግሞ መጨረሻው ይኸው ነው።

«ጋሽ አኮርዲዮን» አልኩ፣ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዳይሆንብን።»

«ገባኝ መምህር፣ ገባኝ» አሉ ቆጣ ብለው። ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ግን ለምን? ያስተማርኩሽ አነሰሽ? ድምፅ አነሰሽ?»

ወፊት ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ቤት ትተዋል፤ ለእኔ አቀበሉኝ። እሷ በዓይኗ «ያንብቡት» አለችኝ፤ አነበብኩት። በሁለቱም የድምፅ ጅማቶች ላይ እብጠት አለ። መጮህ ይቁም። ራስን በማይሰሙበት ቦታ አይዘፈን። በዚህ ከቀጠለ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል።

«ራሴን የምሰማበት ሞኒተር ስፒከር ከፊቴ የለኝም ጋሼ። ከኋላዬ ጥሩምባና ከበሮ አለ። ራሴን ስለማልሰማ እጮሃለሁ። ሣጥኑን የፈለግኩት ለማማር አይደለም። ራሴን ልስማ ብዬ ነው።»

«እሁድ እሁድ የማትናገሪው…» ብለው ጀመሩና አቆሙ።

«ስለማይወጣልኝ ነው። ሕግ ነው ስላሉኝ ዝም አልኩ። እርስዎም እንደዚህ ነበርኩ ሲሉኝ፣ እንዲህ መሆኑ ደግ ነገር መስሎኝ ነበር።»

እኝህን ሰው አሥራ አምስት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ብዙ አላለቀሱም። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ የሻይ ብርጭቆውን አዙረው አዙረው ተናገሩ።

«አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከኋላዬ ሦስት ጥሩምባ፣ ከጎኔ ከበሮ። ሳልሰማ ስቀር እጮሃለሁ፣ ስጮህ ሰው ያጨበጭባል። አንድ ሐሙስ ጠዋት እናትሽን ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ብርድ ነው አልኩ። ይኸው ብርድ ነው እያልኩ ሃያ አራት ዓመት። ድምፄን የፈጀብኝን ነገር ሥርዓት ብዬ ላንቺ አወረስኩሽ።»

«አላወቁማ ጋሼ።»

«አለማወቅ ጉሮሮ አያድንም ልጄ።»

እዚህ ላይ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሰዓት እመክር ነበር። አልመከርኩም። ጋሽ አኮርዲዮን ፌስታሉን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ነገ አዳራሹ ባዶ ነው። እዚያው ይፈተን» አሉ። የቁም ነገር ሰው ሲረታ እንዲህ ነው፤ ወደ ሥራ ይገባል።

ሐሙስ ከሰዓት ሦስታችን አዳራሹ ገባን። አስተናጋጆች የጠረጴዛ ልብስ እያነጠፉ ነበር። ጋሽ አኮርዲዮን የራሳቸው የቆየ መፈተኛ አላቸው፤ ከሁሉ የሚርቀው ወጥ ቤቱ በር ላይ አንድ አስተናጋጅ ያቆማሉ፣ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይዘፍናል፣ አስተናጋጁ ቃሉን ይደግማል። መድገም ያቃተው ከሆነ ዘፈኑ እንደገና ይጀመራል።

መጀመሪያ ወፊት ያለ ሣጥኑ ዘፈነች፤ እሳቸውም አኮርዲዮኑን አጠንክረው ተጫወቱ። አስተናጋጁ ከስምንት ቃል አምስቱን ደገመ። የአንገቷ ሥር ተገትሮ ከሩቅ ይታይ ነበር። ቀጥሎ ሣጥኑ ተቀጠለ። ማስተጋቢያውን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረግን፤ ቃሉ ጠርቶ እስኪወጣ። አንዲት ትንሽ ስፒከር ከሣጥኑ ጋር አገናኝተን ከእግሯ ፊት አኖርን፣ ማይኩ ለስፒከሯ ጀርባውን ሰጠ፣ ፉጨቱ ቀረ። ወፊት ለጎረቤት እንደምታወራ ያህል ብቻ ዘፈነች። አስተናጋጁ ስምንቱንም ቃል ደገመና «ዘጠነኛ አለ እንዴ?» አለ።

ጋሽ አኮርዲዮን ወደ መድረኩ ጠጋ አሉ። «እንደገና» አሉ። ዘፈነች። «እንደገና።» ዘፈነች። የሚያዩት አንገቷን ነበር። ሥሩ አልተገተረም።

«መምህር፣ ቅዳሜ ሰው ሲሞላስ?»

«ሰውና ልብሱ ድምፅ ይውጣል። ያን ጊዜ ማስተጋቢያውን ጥቂት ትጨምራለች። ለባዶው አንድ፣ ለሙሉው አንድ አድርጋ በሁለቱ ማብሪያዎች ታስቀምጠው፤ በእግሯ መለወጥ ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ባዶ ነው።»

«እሱ ላይ ደረጃውን አድርጉልኝ» አሉ። «ዝናብ ሲዘንብ ወይም ጎረቤት ሲታመም ቤት ውስጥ ትለማመድበታለች።» ወፊት ስትሞክር፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያርሙ፣ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። በመጨረሻ «ይኸው ሦስተኛ ፎቅ» አሉ። ፕላስተር ቆርጠው ማብሪያው ላይ ለጠፉና በእስክሪብቶ «ደረጃ» ብለው ጻፉበት።

ሕጋቸውንም እዚያው አወጡ። የሚያቃናው ቁልፍ ተለጥፎበት ይኖራል። ልምምድ በደረቁ ይጀመራል፣ የተቀዳውን እሳቸውም አብረው ይሰሙታል። የወጥ ቤቱ በር ፈተና አይቀርም። ሐኪሙ ዘንድ በየወሩ ራሳቸው ይዘዋት ይሄዳሉ። እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። ሣጥኑ መድኃኒት አይደለም፤ ድምፅ የሌለውንም ባለ ድምፅ አያደርግም። ነገር ግን ዘፋኝ ራሱን ሰምቶ ረጋ ብሎ እንዲዘፍን፣ ስህተቱን ሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት ብቻውን እንዲያገኘው፣ ግጥሙም ለመጨረሻው ወንበር እንዲደርስ ይረዳል። በድብቅ ከያዙት ያዋርዳል፣ በግልጽ ከተማሩት ያገለግላል። ይህ ለሣጥን ብቻ የሚባል አይመስለኝም።

ቅዳሜ እኔም ሄድኩ፤ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ቃል ሰማሁ። ሳክስፎን ነፊው የሚስቅበት አጣ።

እሁድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ጋሽ አኮርዲዮንን መግቢያው በር ላይ አገኘኋቸው፤ ወደ ዳቦ ቤት እየሄዱ ነበር። ሰላምታ ጀምረን ሳንጨርስ ከአራተኛ ፎቅ የሴት ድምፅ መጣ። ጩኸት አልነበረም፤ ሲሚንቶው ተቀባብሎ ያደረሰው ነው።

«ጋሼ፣ አራት ዳቦ ይበቃል። ሁለቱ ለስላሳ ይሁኑ።»

ሽማግሌው በሩን እንደ ያዙ ቀሩ። እኔም የጀመርኩትን ሰላምታ ተውኩት። የጉልበታቸውን ሕመም ረስተው አንድ ደረጃ ወጡ፣ ወደ ላይ ቀና አሉና ባለቻቸው ትንሽ ድምፅ መለሱላት።

«እንደገና በይው ልጄ። አልሰማሁሽም።»

ሰምተዋታል። እሷም ይህን አውቃ፣ ሳትቸኩል ደገመችላቸው።